ለተንሳኤ አላገባችም

ከሁሉ በፊት ስለ ማኅበርተኛችን ስለ ለተንሳኤ ይሄን ላስቀምጥ። ለተንሳኤ አላገባችም። እኔንም አላገባችም፣ ሌላ ሰውም አላገባችም። ፎቶው ላይ ከጎኗ ጥቁር ሱፍ ለብሶ የቆመው ሰውዬ ፊቱ የኔ ነው፤ ሰውነቱ ግን የማን እንደሆነ አላውቅም። እንደዚያ ያለ ሱፍ ለብሼ አላውቅም፤ ትከሻዬም እንደዚያ አይሰፋም።

እኔ ተወልደብርሃን እባላለሁ። ሰው ፊት ቆሜ መናገር አይሆንልኝም፤ ላብ ያጠምቀኛል፣ የማውቀው ቃል ሁሉ ይጠፋኛል። መጻፉም ቢሆን ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ይሄንንም ስልኬ ላይ በአንድ ጣት እየለቀምኩ ነው። ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ። ግን እኔ ካልጻፍኩት ማንም አይጽፈውም። የሚያውቁት ይስቃሉ፣ የማያውቁት ደግሞ “እንኳን ደስ አላችሁ” ይሉናል።

መጀመሪያ ለተንሳኤ ማን እንደሆነች ልናገር፤ ምክንያቱም አሁን ብዙ ሰው የሚያውቃት በዚያች ፎቶ ብቻ ነው።

ለተንሳኤ የመንደፈራ ልጅ ናት። እንደኔው በደርግ ጊዜ በአማርኛ ነው የተማረችው፤ ከኔ የምትለየው እሷ በደንብ መማሯ ነው። ሮማ ከገባች ጀምሮ ባዳንቴ ናት፤ አቅም ያጡ ሽማግሌዎችን ትጦራለች ማለት ነው። ሁለቱን እስከ መጨረሻቸው አስታማ ቀብራለች። አሁን የምትጦራት ሲኞራ፣ ጣልያኗ አሮጊት፣ ሦስተኛዋ ናት። እዚያው ቤት ታድራለች፤ የራሷ የሚባል ጊዜ ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ብቻ ነው። ሐሙስ ገበያዋንና ስልኳን ትጨርሳለች። እሁድ ቅዳሴ ታስቀድሳለች፤ የማርያም ማኅበራችን በወር አንድ ጊዜ ሲሰበሰብ ደግሞ አትቀርም።

ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት አለ። ልጅ ሆና እናቷ ናት ያስነቀሰቻት። አውቶቡስ ውስጥ የጣልያን ልጆች አፍጥጠው ያዩታል፤ አንዳንዱም “ምንድን ነው?” ብሎ ይጠይቃታል። “ቤቴ የሚታወቅበት ነው” ትላለች። አንድ ጊዜ የሲኞራዋ ልጅ፣ ደግ ሰው መሆኑ ነው፣ ለልደትሽ ስጦታ ይሁንሽ፣ በሌዘር ላስጠፋልሽ አላት። “አሎራ፣ እንግዲያውስ መጀመሪያ አንተ አፍንጫህን አስጠፋና አያምም ካልክ እከተልሃለሁ” አለችው። ሲኞራዋ ጆሮዋ ከባድ ነው፣ ይቺን ግን ሰምታ አልጋዋ ላይ ሆና ሳቀች አሉ።

ፎቶ መነሳት አትወድም። ክርስትና ላይ፣ ሠርግ ላይ ስልኩን ከሰው እጅ ትቀበልና “ቁሙ፣ እኔ ላንሳችሁ” ትላለች። የሰው ሁሉ ፎቶ እሷ ያነሳችው ነው፣ እሷ ግን የትም የለችም።

“ለምን አላገባሽም?” የሚላት ሞልቷል። ሴቱም ወንዱም ይጠይቃታል፤ ሰው እንዴት አፉ ላይ እንደመጣለት ይጠይቃል? እሷ ግን መልስ አታጣም። “አውቶቡሱ አምልጦኝ አይደለም፤ እኔ ነኝ ያልተሳፈርኩት” ትላለች። በቃ። ከዚህ በላይ ለማንም አታወራም። እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

እናቷ አደይ ምሩጽ ግን እናት ናቸው። ልጃቸው ከሀገር ስትወጣ ለማርያም ተስለው ነበር። “ልጄን በሕግ፣ በወግ ተድራ አሳይኝ፤ የከፈይ ጃንጥላ በወርቅ ዘርፍ አስገባልሻለሁ” ብለው። ስለቱን መንደሩ በሙሉ ያውቀዋል። በየዓመቱ አስተርእዮ ማርያም ሲደርስ የሌላው ሰው ስለት ሰምሮ እልል ሲባል፣ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ይመለሳሉ። ለተንሳኤ ይሄ ነገር ሲበዛባት “እማ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስለ ባል ካነሳሽብኝ ስልኩን ጆሮሽ ላይ እዘጋዋለሁ” አለቻቸው። አደይ ምሩጽም አቆሙ። አቆሙ ማለት ለልጃቸው መንገሩን አቆሙ እንጂ ለማርያም መንገሩን አላቆሙም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ጥምቀት ባለፈ በእሁዱ ማኅበራችን ነበር። የሰበካው አባ በሚያበድሩን አዳራሽ ውስጥ ነው የምንሰበሰበው። እኔ እንደ ልማዴ ጓዳ ገብቼ ድስት አጥባለሁ። ድስት ማጠብ ሥራዬም ነው፤ በበጋ ኦስቲያ ባሕር ዳር፣ በክረምት ደግሞ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሬስቶራንት ውስጥ አጥባለሁ። ማኅበሩም ላይ ሳጥብ ማንም አያናግረኝም፤ እንደዚያ ሲሆን ደስ ይለኛል።

ሚለን መጣች። ሚለን የማኅበርተኛችን የሓዳስ ልጅ ናት፣ እዚሁ ሮማ የተወለደች፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማር። አማርኛዋም ትግርኛዋም እየተሰበረ ጣልያንኛ ይሆናል። “ተወልደ፣ ጓርዳ! እዚህ እይ!” አለችኝ። ቀና አልኩ። እጄ አረፋ ነው። ሰው ሲያነሳኝ እንደማደርገው ፈገግ አልኩ። ቀጭ አድርጋ አነሳችኝና ሄደች። ከነድስቴ ለጨዋታ ያነሳችኝ ነበር የመሰለኝ።

ትንሽ ቆይቶ ከአዳራሹ ሳቅ ሰማሁ። እጄን ጠርጌ ብወጣ ሰው ሁሉ ሚለንን ከቧል። አዲስ ነገር ስልኳ ላይ ጭናለች። ፊት ትሰጠዋለህ፣ እሱ ሰውነት ይሰጥሃል። ንጉሥ ልሁን ካልክ ንጉሥ፣ ወታደር ካልክ ወታደር ያደርግሃል። የማኅበራችንን ሊቀ መንበር አቦይ መብራህቱን የድሮ የሮማ ወታደር አድርጋቸዋለች፤ ራስ ቁር ደፍተው፣ ጡንቻቸው እንዲህ ተወጥሮ! ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ስልኩን ነጥቀው ራሳቸውን ደጋግመው ያዩታል። “ይሄ እኮ የድሮው እኔ ነኝ፣ ቁርጥ!” ይላሉ። እኔም ስቄያለሁ፤ አልዋሽም።

ከዚያ ሚለን “አስፔታ፣ አስፔታ፣ ቆይ” አለችና አንድ ሌላ አወጣች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ነጭ ቬሎ፣ አበባ፣ ከኋላ ፏፏቴ። ሙሽራዋ ለተንሳኤ። ሙሽራው እኔ።

ሚለን የለተንሳኤን ፊት ከየት አገኘችው? ያን ዕለት ጠዋት ለተንሳኤ የሰዎች ፎቶ አንስታላት ስልኩን ስትመልስላት ሰርቃ አንስታታለች። ለተንሳኤ በዚያ ሰዓት ወዲያ ማዶ የጠረጴዛ ልብስ ታጥፍ ነበር።

“ሙሽሪት ልመጂ፣ ሓሞትና ቅመጂ!” አለች ሓዳስ እያጨበጨበች። ሴቶቹ ተቀበሏት።

“ወይ ተወልደ፣ ድምፁን አጥፍቶ ለካ!” አለ አንዱ።

“ለዚህ ነው ጓዳ ጓዳውን የሚለው!”

እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ለተንሳኤ የጠረጴዛውን ልብስ እንደያዘች መጣች፤ ሰው መንገድ ለቀቀላት። ስልኩን ተቀብላ አየችው። አጥብቃ አየችው። ሳቁ ቀስ በቀስ ረገበ።

“መስቀሌ የታለ?” አለች።

ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየን። እውነትም የለም። ግንባሯ እንደ ሸክላ ሳህን ልሙጥ ነው። ጥርሷም የሷ አይደለም፣ ዓይኗ ሥር ያለው የድካም መስመርም የለም።

“ዚያ፣ እሱ ነው በራሱ የሚያጠፋው” አለች ሚለን። ዚያ የምትለው አክስቴ ለማለት ነው። “ቆዳ ላይ እንከን ካገኘ ያጸዳዋል። ጠባሳ መስሎታል።”

“እንከን?” አለች ለተንሳኤ።

“እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ዚያ፣ ማሽኑ ነው።”

“አጥፊው። አሁን፣ እኔ እያየሁ።”

ሚለን አጠፋችው። እያየናት አጠፋችው፤ የልጅቷን አልደብቅም። ለተንሳኤም የጠረጴዛውን ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብታ ኮቷን ደረበችና ሄደች። “ቀልድ እኮ ነው፣ ምን ያስኮርፋል?” አለች ሓዳስ ከኋላዋ። ነገሩ እዚያ ያለቀ መስሎን ነበር።

አላለቀም። ከመጥፋቱ በፊት ሓዳስ ወደ ራሷ ስልክ አስልካዋለች። ሓዳስም የመንደፈራ ሰው ናት፤ እህቷ ከአደይ ምሩጽ ጋር ግድግዳ ትጋራለች። እዚያው አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብላ፣ ለእህቷ ልካላታለች። ከሥሩ ምን ጻፈች? “ሙሽሪትን እዪልኝ” ብቻ። ቀልድ ነው አላለች፣ ስልክ የሠራው ነው አላለች፣ ምንም።

ወሩ ጥር ነው። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ጾም ሳይገባ ሰው የሚዳርበት። በጥር የመጣ የሙሽራ ፎቶ ማን ይጠራጠራል?

የዚያ ፎቶ መዘዝ የገባን ከአስተርእዮ በኋላ በሐሙስ ቀን ነው። እኔ የምኖረው ሰላም ፓላስ ነው፤ ስደተኛው ተጠጋግቶ የሚኖርበት ሕንፃ ነው። አንድ ልጅ አንኳኳና “ጋሼ ተወልደ፣ ታች ሴት ትፈልግሃለች” አለኝ። እኔን የምትፈልግ ሴት የለችም፣ ስሜን የተሳሳተ መሰለኝ። ወረድኩ። ለተንሳኤ ናት። የሥራ ጫማዋን እንደተጫማች ነው የመጣችው።

“እናቴ አማቿን ማነጋገር ትፈልጋለች” አለችኝ።

“ማንን?”

“አንተን።”

በር ላይ ቆመን ነገረችኝ። ጠዋት ሲኞራዋን እያጠበቻት ስልኳ ጮኸ። የሓዳስ እህት ስልክ ነው። እጇ ሳሙና ስለሆነ በክርኗ ከፈተችው። እልልታ ነው የሰማችው። እናቷ ናቸው፣ ድምፃቸው እስኪሰነጠቅ እልል ይላሉ። “ልጄ፣ ማርያም ሰማችኝ! ጃንጥላውን አስገባሁ! ቄሱ ስምሽን ጠርተው መረቁሽ፣ ሕዝቡ ሁሉ እልል አለልሽ!” አሏት። ቀጥለው “እንደደበቅሽኝ አላዝንም፤ አታንሺብኝ ስላልሽኝ ነው። አሁንም ዝም ብዬ ነው ስለቴን ያገባሁት። ግን ሰውዬውን አንድ ጊዜ ድምፁን ልስማው” አሉ። ለተንሳኤ “እማ፣ ምን ማለትሽ ነው?” ስትል ኔትወርኩ ተቋረጠ። ሲኞራዋ በርዷት ትንቀጠቀጣለች። ለተንሳኤ ፎጣውን ስትደርብላት፣ ያ ፎቶ ከሓዳስ ወደ እህቷ እንደሄደ ገባት።

“ተወልደ” አለችኝ፣ “እናቴ በሕዝብ ፊት ቆማ ማርያምን አመሰገነቻት። ያላደረገችውን አደረግሽልኝ ብላ። ያን ምስኪን አፍ ማነው ውሸት ያስወራው?”

እኔን ያሉኝን ቻልኩት፤ የምስቅም የሚሳቅብኝም ሰው ነኝ። የሰማንያ ዓመት አሮጊት በማርያም ደጅ ማዋረድ ግን ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?

እሁድ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሄድን፤ የኛ ሰው የሚሰበሰብበት ካፌ። አቦይ መብራህቱን ለተንሳኤ ናት ሽማግሌ ይሁኑ ብላ የጠራቻቸው። ሓዳስና ሚለንም መጡ። ለተንሳኤ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሓዳስ እዚያው እኛ ፊት እህቷ ጋ ደውላ፣ “ፎቶው የውሸት ነው፣ ስልክ የሠራው ነው፣ የላክሁትም እኔ ነኝ” ብላ በገዛ አፏ እንድትናገር። እህቷም ለመንደሩ እንድትናገር። ይሄ ብዙ ነው?

“እኔ አገባች ብያለሁ?” አለች ሓዳስ። “ሙሽሪትን እዪልኝ ነው ያልኩት። ለሳቅ ነው። እነሱ ካመኑ እኔ ምን ላድርግ?”

“እንዲያምኑት አይደለም የላክሽው?”

“ኧረ ባክሽ! ደግሞ ምን ተጎዳሽ? የኔን ፊት ቢያደርጉት እኔ ደስ ነው የሚለኝ። ቆንጆ እኮ ነበርሽ።”

“ሓዳስ፣ አፌን አታስከፍቺኝ።”

አቦይ መብራህቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሳቸው ሲናገሩ ዝም ይባላል።

“ስሚ ልጄ” አሏት ለለተንሳኤ። “እናትሽ ትልቅ ሰው ናቸው። ዘመናቸውን ሙሉ የለመኑትን አግኝተው ደስ ብሏቸዋል። አሁን አንቺ ደውለሽ ውሸት ነው ብትያቸው ማንን ጠቀምሽ? ደስ እንዳላቸው ይለፉ። ዝም ማለት አንዳንዴ ጽድቅ ነው።”

“አቦይ፣ እርስዎ ቢሆኑ ውሸት ይዘው ማለፍ ይፈልጋሉ?”

“እኔን ተይኝ” አሉና ወደኔ ዞሩ። ፈገግታቸውን ሳየው ምን እንደሚመጣ አወቅሁ። “ደግሞም ሌላ መንገድ አለ። ተወልደም ብቻውን ነው፣ አንቺም ብቻሽን ነሽ። ፎቶው ተነስቷል፣ ስለቱ ገብቷል፣ እልልታው ተብሏል። የቀረው ምንድን ነው? ቄስ መጥራት ብቻ ነው!”

ካፌው በሙሉ ሳቀ። የማናውቃቸው ሰዎች ከሌላ ጠረጴዛ ዞረው ሳቁ። “ቤስት ማን እኔ ነኝ!” አለ አንዱ ወጣት።

ለተንሳኤ ተነስታ ቆመች።

“እኔ እዚህ ሀገር የሰው ሽማግሌ አጥቤ፣ የሰው ሬሳ ገንዤ ነው የኖርኩት” አለች። ድምፅዋ አልጮኸም። “አንድ ቀን ማንንም ፊትህን አበድረኝ ብዬ አላውቅም። እናንተ የኔን ሳትጠይቁ ወሰዳችሁት። መስቀሌን ፋቃችሁ፣ ባል ለጠፋችሁ፣ እናቴ ደጅ ወስዳችሁ ሰቀላችሁት። አሁን ደግሞ ውሸቱ እንዳይበላሽ እኔ ልዳርለት? ለስልክ ልዳርለት?”

“ቀልድ ነው እኮ ያልኩሽ…” አሉ አቦይ መብራህቱ።

በዚያን ጊዜ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እኔም ተናገርኩ። “አቦይ፣ እኔንስ ማን ጠየቀኝ?” አልኳቸው። ከዚያ በላይ የሚወጣ ቃል አልነበረኝም፤ ግን ወጣ። “ውይ ተወልደ ምላስ አወጣ!” አለች ሓዳስ፣ እንደገና ተሳቀ።

ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ ያልሳቀች ሚለን ናት። አንገቷን ደፍታ የስኳር ከረጢት ትቀዳድድ ነበር። “ስኩዛ ዚያ፣ ይቅርታ” አለች ቀስ ብላ። “እኔ ነኝ የሠራሁት። እኔ እነግራቸዋለሁ። ትግርኛዬ ባይረባም እሞክራለሁ።”

“አንቺ ዝም በይ!” አለቻት እናቷ።

“አልልም” አለች ሚለን።

የሃያ ዓመት ልጅ፣ እዚህ የተወለደች፣ ማኅበርና ስለት በቅጡ የማታውቅ ልጅ “ጥፋቱ የኔ ነው” ትላለች፤ እኛ ማኅበርተኞቹ፣ በማርያም ስም ጽዋ የምንጠጣው ግን እንስቃለን። ይሄን ሳስበው እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ሐሙስ ሦስታችን ሲኞራዋ ቤት አጠገብ ካለው መናፈሻ ተቀመጥን፣ ለተንሳኤ፣ ሚለንና እኔ። ሚለን አክስቷን፣ የሓዳስን እህት፣ አስቀድማ ስላስማማች አደይ ምሩጽን ስልኩ ፊት አስቀምጠዋቸው ነበር። ምስሉ እየቆመ፣ እየሄደ፣ በመጨረሻ መጡ። ሸብ ያደረጉት ነጭ ነጠላ፣ ከሥሩ የለተንሳኤን የሚመስል ፊት። መስቀሉም እንደዚያው፣ ግንባራቸው ላይ።

“እማ፣ ትሰሚኛለሽ?”

“እሰማለሁ፣ የኔ ሙሽራ!”

ለተንሳኤ ሻሿን ወደ ኋላ ገፋች። ስልኩን ወደ ግንባሯ አስጠጋችው። “ይሄን እዪ። ምን ታያለሽ?”

“ንቅሳትሽን ነዋ፤ እኔ ያስነቀስኩሽን።”

“ፎቶው ላይ አለ?”

“የፈረንጅ ዱቄት የሸፈነው መስሎኝ” አሉ አደይ ምሩጽ። “እኔም ገርሞኝ ነበር።”

ነገረቻቸው። ሚለንም በዚያ በተሰባበረ ትግርኛዋ እየገባች ነገረቻቸው፤ ስልኩ የሰውን ፊት ወስዶ በሌላ ሰው አንገት ላይ እንደሚያደርገው፣ እሷ ለጨዋታ እንደሠራችው። አደይ ምሩጽ ያዳምጣሉ።

“ሰይጣን ነው?” አሉ።

“አይደለም አደይ። ስልክ ነው” አለች ሚለን።

“ሰውዬውስ? እሱም የለም?”

ለተንሳኤ ስልኩን ወደኔ አዞረችው። ያኔ ብትቆርጡኝ ደም አይወጣኝም። “ደህና ነዎት አደይ?” አልኩ። “ተወልደብርሃን እባላለሁ። እኔ… አላገባኋትም።”

አጥብቀው አዩኝ። “ለምን? ምን ጎደላት?”

ሚለን አፏን በእጇ ያዘች። ለተንሳኤ ግን አልሳቀችም፣ ስልኩን መልሳ ወደራሷ አዞረችው። “እማ፣ እሱን ተይው። እሱም እንደኔ ነው የተሰረቀው።”

ምስሉ የቆመ መስሎን ነበር፤ የአደይ ምሩጽ ነጠላ ሲንቀሳቀስ ነው እንዳልቆመ ያወቅነው።

“በሕዝብ ፊት አመሰገንኳት” አሉ። “ካህናቱ ጃንጥላውን ዘርግተው ዞሩበት። እኔ ከሥሩ ሆኜ አለቀስኩ። ታዲያ ማርያምን ምን አልኳት?”

“ይቅርታ እማ። አንድ አፍታ ዝም ልበል ብዬ ነበር። ሰዉም ዝም በያት ብሎኝ ነበር።”

“ማነው ዝም በያት ያለሽ?” ድምፃቸው ተለወጠ። “ስሙን ንገሪኝ! ውሸት ታቅፌ ወደ መቃብር እንድወርድ የፈረደብኝ ማነው?”

ለተንሳኤ ስም አልጠራችም። እኔ ግን እዚህ ስማቸውን የጻፍኩት፣ አቦይ መብራህቱ ያላሉትን ቃል ጨምሬ ከሆነ ራሳቸው ይንገሩኝ ብዬ ነው።

አደይ ምሩጽ ውሸቱን ታቅፈው አልተቀመጡም። በቀጣዩ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን አስፈቅደው፣ በምርኩዛቸው ቆመው ለሕዝቡ “ልጄ አላገባችም፤ ያሳዩኝ ፎቶ ሐሰት ነው፤ ሳላውቅ በማርያም ፊት ሐሰት ተናግሬአለሁ፣ ይቅር በሉኝ” አሉ። ቄሱም ስለት አይመለስም፣ ጃንጥላው ይቀመጥ አሉ። አደይ ምሩጽ ደግሞ “ይቀመጥ እንጂ! ማርያም ቀድማ ተቀብላለች፤ የቀረው የሷ ጉዳይ ነው” አሏቸው። ይሄን በስልክ ሲነግሯት ለተንሳኤ “እማ! አሁንም?” ብላ ጮኸች፣ ከዚያ ሳቀች። ከዚያ ፎቶ በኋላ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

እዚያ ላይ ቢያልቅ ኖሮ እኔም ይሄን ሁሉ አልለቅምም ነበር።

መንደሩ አላመናቸውም። በሰማንያ ዓመታቸው በምርኩዝ ቆመው ራሳቸውን ያዋረዱትን እናት አላመኗቸውም። ገሚሱ “ልጅቷ ወዲያው ተፋታ ነው፣ እናትየዋ ልትሸፍን ነው” አለ። ገሚሱ ደግሞ “ጃንጥላው ቆጭቷት ልትመልሰው ፈልጋ ነው” አለ። ሚለን አክስቷ ጋ ደውላ፣ እባክሽ አንቺ እንኳን መስክሪላቸው ብላ ለመነቻት። አክስትየዋ ምን ብትላት ጥሩ ነው? “ፎቶው እኮ እጄ ላይ አለ!” አፍ ከሚናገረው ስልክ ያሳየው በለጠ። አደይ ምሩጽ አሁን ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከሴቶቹ ራቅ ብለው፣ ከዛፉ ሥር ነው የሚያስቀድሱት። ለተንሳኤ ይሄን ከሰማች ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ትደውላለች፤ እናቷ “ደህና ነኝ” ይሏታል፤ እሷም ደህና እንዳልሆኑ ታውቃለች።

ባለፈው ማኅበር ለተንሳኤ ሓዳስን በሰው ሁሉ ፊት ጠየቀቻት። ለሦስተኛ ጊዜ ነው። እህትሽ ጋ ደውይ፣ አንዲት ቃል ተናገሪ አለቻት። “እናትሽ ራሳቸው ተናገሩ አይደል? እኔ ምን ልጨምር?” አለች ሓዳስ። አቦይ መብራህቱም “በጽዋ መካከል ጭቅጭቅ አይወራም” ብለው ዘጉት። እኔ ጓዳ ነበርኩ። ሁሉንም ሰማሁ። ውኃውን ዘጋሁና እዚያው ድስቱ አጠገብ ቆሜ ይሄን መጻፍ ጀመርኩ።

ይሄን ጽሑፍ ለማኅበርተኛው ሁሉ እልከዋለሁ። ሚለን ላስተካክልልህ አለችኝ፤ አማርኛ ማንበብ ስለማትችል ሁለታችንም ሳቅን። የምለምናችሁ አንድ ነው። ያን ፎቶ የላካችሁለት ሰው ሁሉ ጋ ይሄንን ላኩለት፣ ሳትቆርጡ። ሓዳስ፣ አንቺም ለእህትሽ ላኪላት። ማንበብ ካልቻለች ጮክ ብሎ የሚያነብላት ሰው ትጥራ፤ ከቤቷ ደጅ ወጥታ፣ ጎረቤት እየሰማ ያንብቡላት። አደይ ምሩጽ ከግድግዳው ወዲያ ናቸው፣ ይሰማሉ።